ለገና ከጎረቤት ምን እንጠይቃለን?

(ባህር ዳር ላይ ለወጣቶችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ትንሽ አስተካክዬ ጻፍኩት።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ደክማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ታኅሣሥ ሲገባ በዚች ከተማ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሆቴል በር ላይ የፕላስቲክ ዛፍ ሲቆም አንዱ «ይሄ የኛ አይደለም» ይላል። ሌላው «ምን አለበት፣ ልጆቹ ደስ ይበላቸው» ይላል። ጾሙ ሳይፈታ ድግስ ይጠራል፤ የሚጾመው ይከፋዋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ የበሬ መዋጮ ሲሰበሰብ ሙስሊሙ ባልደረባ ዝም ብሎ ይከፍላል፤ ለምን ዝም እንዳለ ማንም አይጠይቀውም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የምወስደውም እሱ ላይ ነው።

የማምነውን ግን ቀድሜ ልናገር። ገናን በሙሉ ክብሩ የመጠበቅ ኃላፊነት የሚያምንበት ሰው ነው። ጾሙም፣ ቅዳሴውም፣ ሌሊቱን መቆሙም የእሱ ነው። ከማያምንበት ጎረቤት የምንጠይቀው ቦታ እንዲተውልን ብቻ ነው። እኛም በተራችን ለእሱ በዓል እንደዚያው ቦታ እንተውለታለን። ከዚህ አልፈን ገንዘቡን፣ ሰላምታውን ወይም ሆዱን ከጠየቅነው በዓሉን ግዴታ አድርገንበታል።

ጭቅጭቁ አዲስ እንዳይመስላችሁ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ትንሽ ወደኋላ ልውሰዳችሁ፤ ሩቅ አንሄድም፣ እዚሁ ጣና ዳር ነን። ወደ ጎርጎራ የሄዳችሁ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ያሠሩትን ሕንፃ ፍርስራሽ አይታችኋል። እነ ፔድሮ ፓኤዝ በዚያ ዘመን አፄ ሱስንዮስን ቀርበው ወደ ካቶሊክ እምነት አመጧቸው። ፓኤዝ ታጋሽ ሰው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ቸኩሎ ነበር። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ አጽዋማትና በዓላትም በሮም አቆጣጠር እንዲሆኑ አዘዘ። አስቡት፤ አያት ቅድመ አያቱ በጾሙበት ቀን የጾመ ገበሬ ድንገት ተነስ፣ ጾምህም በዓልህም ሌላ ቀን ነው ሲባል። አገር ታመሰ። ደም ፈሰሰ። ወይና ደጋ ላይ ከላስታ ሰዎች ጋር የተደረገው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ይህን ያነሳሁት ካቶሊኮችን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ የባህር ዳር ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት አለ፤ የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው። በግዕዝ ሥርዓት ይቀድሳሉ፣ ገናንም እንደ እኛው በታኅሣሥ ያከብራሉ። በንጉሥ ትእዛዝ ያልተቻለው መቀራረብ ማንም ሳያዝ፣ በጊዜና በመከባበር መጣ። ለኔ ከጎርጎራ ፍርስራሽ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው።

ሌላውም ዓለም በገና ተጣልቷል። እንግሊዝ ውስጥ ፓርላማው እንደ ፈረንጆቹ በ1647 ገናን ጭራሽ ከለከለ። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ1659 እስከ 1681 ገናን ያከበረ ሰው አምስት ሽልንግ ይቀጣ ነበር። ከልካዮቹ እነማን መሰሏችሁ? አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው። ቀኑ በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጻፈም፣ በዓሉም የስካርና የጭፈራ ሆኗል ብለው ነው። ዛሬ ደግሞ እዚያው አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ሻጯ «መልካም ገና» ትበል ወይስ «መልካም በዓላት» በሚል ሰዎች ይነታረካሉ። የግርግም ምስል በመንግሥት እጅ ወይም ፈቃድ ይቁም አይቁም የሚለው ጉዳይ በነሱ አቆጣጠር በ1984 እና በ1989 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደርሷል። አንዱን ፈቀዱ፣ ሌላውን ከለከሉ። የነሱ ክርክር በሕግና በሱቅ ዙሪያ ነው። የኛ ግን ከወጥ ቤት ይጀምራል። ስለዚህ የነሱን መልስ ቀድተን ብንመጣ የኛን ጥያቄ አይመልስልንም።

ወደራሳችን ልመለስ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከከተማችን ነዋሪ ከመቶ 90 ገደማው ኦርቶዶክስ፣ ስምንት ገደማው ሙስሊም፣ ከሁለት በታች የሚሆነው ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበር። ባህር ዳር ብዙኃኑ ኦርቶዶክስ የሆነባት ከተማ ናት። በአገር ደረጃ ሲታይ ግን በዚያው ቆጠራ ኦርቶዶክሱ ከመቶ 43 ተኩል ያህል ነበር፤ ሙስሊሙም ከመቶ 34 ገደማ ነበር። ብዙ ሆነን ስንኖር አንድ ነገር እንረሳለን። የኛ ልማድ ለሌላው ምን ያህል እንደሚከብደው አይታየንም፤ አየሩ ሁሉ የኛ ስለሆነ።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች። የእስልምና በዓላት በአገር ደረጃ አይከበሩም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ትልቅ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓላችን ይታወቅ የሚል ነበር። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የአገር በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያየ። ስለዚህ ዛሬ ታኅሣሥ 29 ቢሮ ሲዘጋ፣ ኢድ ሲሆንም እንደዚያው ቢሮ ይዘጋል። ይህ የተገኘው ሰው ጠይቆ፣ ጎረቤቱም አብሮት ቆሞ ነው። ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ዛፉን ባጭሩ ልጨርሰው። ታኅሣሥ 16 ቀን የፈረንጆች ገና ነው፤ ያኔ እኛ ጾም ላይ ነን። ሆቴሉ ለእንግዶቹ ዛፍ ቢያቆም፣ ውጭ ያለ ዘመድ ያለው ሰውም በስልክ «እንኳን አደረሳችሁ» ቢባባል፣ በኔ በኩል ችግር የለውም። ጥጥ በትኖ በረዶ ለማስመሰል መልፋት ግን ጣና ዳር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ምን እንደሚጨምርልን አይገባኝም። እውነተኛ ጽድ ቆርጦ ሳሎን ማቆም ደግሞ ፈጽሞ አልስማማበትም። በዚህ አካባቢ የቀረን አገር በቀል ደን አብዛኛው ያለው አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ቅጥር ውስጥ ነው። እነክብራን ገብርኤልን፣ እነዑራ ኪዳነ ምሕረትን ብታዩ ደኑን ያቆዩት መነኮሳቱና ምእመናኑ ናቸው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ለጥቂት ቀን ጌጥ ብሎ የዚህን አገር ጽድ መቁረጥ፣ በዓሉን አከበርኩ ብሎ የበዓሉን ቤት ማራቆት ነው።

«ትክክለኛው ቀን የኛ ነው፣ የነሱ ስህተት ነው» ብሎ መጣላትም አያስፈልግም። የኛው ገና ራሱ ዘመነ ዮሐንስ ላይ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ከሱ በፊት ጳጉሜ ስድስት ስለሆነች። ቤተ ክርስቲያን ይህን በሒሳብ ታውቃለች፣ ማንም አይደነግጥም።

ጾሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ይጾማል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ባህር ዳር ላይ ደግሞ በተለይ የሚነሳ ክርክር አለ፤ ዓሣ። ሐይቁ አጠገባችን ነው፣ ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ ይወርዳል፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ጉላሽና ለብለብ ይሠራል። አንዱ ጾም ነው ብሎ ዓሣ ይበላል፣ ሌላው ያንን ሲያይ «ይሄ ምን ጾም ነው» ይላል። እኔ ዓሣ አልበላም። የሚበላውን ግን ገበታው ላይ ቆሜ አልከሰውም፤ የሚጠይቅ ከሆነ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። አንድ እምነት ውስጥ ሆነን በአንድ ቁራጭ ዓሣ እንደዚህ ከተለያየን፣ የሌላ እምነት ሰው ሁሉንም እንደኛ ያድርግ ማለት ከየት ይመጣል?

ግን ከድግስ አዘጋጆች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የዓመት መዝጊያም በሉት ሌላ፣ በጾሙ ወቅት ሰው ስትጠሩ የጾም ምግብ በደንብ ይኑር። ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሳህን ሰላጣ የጾም ምግብ አትባልም። ሽሮው፣ ተጋቢኖው፣ በያይነቱ ይሠራ። የሚጾመው ሰው ለምኖ መብላት የለበትም።

እዚህ ላይ የጾመኛው ቅሬታ ትክክል ነው ካልን፣ የሙስሊሙም ቅሬታ በዚያው መንገድ ትክክል ይሆናል። ወደ በሬው እንምጣ።

የኛን አገር ነገር ለሚያውቅ ሰው የሥጋ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ክርስቲያኑ «በስመ አብ» ብሎ ያርዳል፤ ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳል። አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ይህ በክፋት የመጣ ሳይሆን ሁለቱም ወገን ከልቡ የሚጠብቀው ሥርዓት ነው። እናቶቻችን ይህን ሥርዓት ይዘው እንዴት አብሮ እንደሚኖር አሳምረው ያውቁ ነበር። ለሰርግ የሙስሊም ድንኳን ለብቻ ይጣላል። የሚያርደውም የሚሠራውም ከነሱ ወገን ይሆናል። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ ነው። ለበዓል ጎረቤት ሲጠራ ደግሞ ዶሮው ሳይታረድ ለጎረቤት ይሰጥና ራሷ አሳርዳ፣ ራሷ ሠርታ ትበላለች። ቡናና ዳቦው ግን የጋራ ነው። ጠላ ለማይጠጣው ብርዝ ወይም ቃሪቦ ይቀርባል። ማንም «ለምን የኔን አልበላህም» ብሎ አይቀየምም ነበር። ያልበላው ስለምን እንዳልበላ ሁሉም ያውቃል፣ ይከበርለታል።

እነዚያ ሴቶች ስለ ብዝኃነት ሥልጠና አልወሰዱም። ጎረቤታቸውን ግን በስሙ፣ በጾሙ፣ በበዓሉ ያውቁታል።

አሁን መሥሪያ ቤት ግቡና እዩ። ለገና በሬ ይገዛል ይባላል። ስም ዝርዝር በየጠረጴዛው ይዞራል፣ ከደመወዝ ይቆረጣል። ሙስሊሙ ባልደረባ ፊርማውን ያኖራል፤ እምቢ ቢል «ከኛ ተለየ» እንዳይባል ነው። በዓሉ ሲደርስ ሥጋው ይከፋፈላል፣ እሱ ባዶ እጁን ይሄዳል፤ አልያም ይዞ ሄዶ ለሰው ይሰጠዋል። ይህን በተለያዩ ቦታዎች አይቻለሁ፣ ከሚደርስባቸው ሰዎችም ሰምቻለሁ። ክፋት ያሰበ ሰው የለም። ግን ማንም አልጠየቀውም! ሰው ሳይጠየቅ ገንዘቡ ለማይበላው ሥጋ ሲወሰድ ቢያመው ይገርማል? ቦታው ተገላብጦ እኛ ብንሆን ኖሮ ምን እንል ነበር? ኢድ ሲደርስ ሳንጠየቅ ከደመወዛችን ተቆርጦ፣ ታርዶ፣ «ያንተ ድርሻ ይሄውልህ» ቢባል ስንት ቀን እናወራ ነበር?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቅርጫ የሚገባ ራሱ ፈልጎ ይግባ፤ ዝርዝሩ ለፈቃደኛ ብቻ ይሁን። ድርጅቱ ለሠራተኛው ዶሮና እንቁላል ወይም ዘይት የሚሰጥ ከሆነ፣ ሰውየው ለገና ወይስ ለኢድ ይውሰድ ራሱ ይምረጥ። ጥሬ ገንዘብ ቢሰጥማ ነገሩ ያልቃል። የጋራ መሰባሰብ ከተፈለገ ቡና ይፈላ፣ ድፎ ዳቦ ይቆረስ፤ ያንን ሁሉም ይበላዋል።

ሆስፒታልና ሆቴል የሚሠሩ ሰዎች ከኛ ቀድመው መላ አግኝተዋል። ለገና ሌሊት ሙስሊሙ ተረኛ ይሆናል፣ ለኢድ ደግሞ ክርስቲያኑ ይገባለታል። ማንም መመሪያ አላወጣላቸውም። የፈተና ፕሮግራም የሚያወጡ መምህራንም ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል። የገና ማግስት ፈተና እንዳይሆን እንደምንጠነቀቀው ሁሉ፣ ኢድ በጨረቃ ስለሚወሰን አንድ ቀን ወደፊትም ወደኋላም ክፍት ማድረግ ነው።

ሰላምታውስ? በሙስሊሞች ዘንድ ለክርስቲያን በዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ይገባል አይገባም የሚል ክርክር አለ። እኛም ዘንድ ስለኢድ ቤት ጥሪ የሚከራከር አይጠፋም። በተለይ ወጣቶች በዚህ በጣም ትጎዳላችሁ። ጓደኛዬ ፌስቡክ ላይ አልጻፈልኝም ብሎ ወዳጅነት የሚያቋርጥ አለ። እባካችሁ፣ ሰውን በጻፈው ካርድ አትመዝኑት። ያ ጓደኛህ አባትህ ሲያርፍ ለቅሶ ቤት ተቀምጧል። ስትታመም ውሃ ይዞልህ መጥቷል። እምነቱ አንዲት ቃል ከከለከለችው ቃሏን ተውለት። በዓል ሆኖ ቤትህ ቡና ጠጥቶ ከሄደ በቂ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ ሙስሊም ሆኖ ከልቡ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን ሰው የሚያስፈራራ ሰው ካለ ያም ልክ አይደለም። ለሁለቱም ፈቃዳቸውን ተዉላቸው።

ቤት ውስጥም ይሄው ነው። አንዱ ልጇ ኦርቶዶክስ፣ አንዷ ጴንጤ፣ አንዷ ሙስሊም አግብታ የሄደች እናት በዚህ ከተማ ሞልታለች። በዓል ሲመጣ የምትጨነቀው እሷ ናት። ጴንጤዋ ልጅ ጾሙን አልጾምም ብላ ይሆናል፤ አትገደድ። ነገር ግን እናቷ በምትጾምበት ቤት፣ በእናቷ ድስት ሥጋ መሥራት ነፃነት አይባልም። ወንድሟም የበዓል ገበታ ላይ ስለ አማላጅነት ክርክር አይክፈት። ለክርክሩ ሌላ ቀን አለ። የእናት ገበታ ግን በዓመት ስንት ጊዜ ይገኛል? በተለይ ባሳለፍናቸው ዓመታት፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ገጠር ያለ ቤተሰብ ሳይጠያየቅ ስንት በዓል አለፈ! ተገናኝተን ከተቀመጥን በደህና እንብላ።

ስለዚህ ሐይቅ ዳርቻ ሳወራ የነገደ ወይጦን ማኅበረሰብ ሳልጠቅስ ብሄድ ቅር ይለኛል። ሙስሊሞች ናቸው፤ የደንገል ታንኳ ሥራ ሲነሳ ስማቸው አብሮ ይነሳል። በዚያው ታንኳ እየኮራን ፎቶ እንነሳለን፤ ከሠሪዎቹ ጋር ግን ለረጅም ዘመን አብረን አልበላንም፣ ዝቅ አድርገን አይተናቸዋል። በዚህ ጉዳይ ሃይማኖት ሰበብ እንጂ ምክንያት አልነበረም። ጣና ቂርቆስ ላይ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደቷ አርፋለች የሚል ትውፊት አለን። ስደተኛይቱን እናት የምናከብር ሰዎች ነን። ታዲያ ለገና ቡና ሲፈላ ከሐይቁ ዳር ያለውን ጎረቤት የማንጠራው ለምንድን ነው? ከቀዬው ተፈናቅሎ ከተማችን የገባውንስ?

በመጨረሻ የማነሳው የገና ጨዋታን ነው፤ በጣም የምወደው እሱን ነው። እህሉ ተሰብስቦ ሜዳው ባዶ ሲሆን ሁለት ጎራ ተከፍሎ ሩሯን፣ ማለትም ኳሷን፣ በቆልማማ ዱላ እየመቱ ወደ ተቃራኒ ግብ ማድረስ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ሎሌው ጌታውን ቢገፋውም ቢጥለውም የማይቆጣበት ቀን ስለነበረ ነው። ለዚህ ጨዋታ ሃይማኖት አይጠየቅም። የሚታረድ የለም፣ የሚባረክ የለም፣ መዋጮም የለም። ሙስሊሙም ጴንጤውም ዱላ ይዞ መግባት ይችላል፤ ሴቶች ልጆችም፣ ድሮ ባይለመድም፣ መግባት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። አሁን ግን ለገና ከተማው ውስጥ የሚሞላው ባዛርና የቢራ ድንኳን ነው፤ ልጆቻችን ሩር ምን እንደሆነች አያውቁም። ባዛሩ ይኑር፣ ነጋዴውም ይሽጥ። ግን አንድ ሜዳ ለጨዋታው ይተውልን።

ዘንድሮ ልንጀምረው እንችላለን። ሌሊቱን ስንቀድስ ስለምናድር ጠዋት ዕረፍት ይሁን፣ ምሳ ይበላ፤ ጨዋታው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቻል። ሜዳ ማስፈቀድ የሚችል ሰው፣ ደንቡን በደንብ የሚያውቅ ሽማግሌም እዚህ ካለ፣ ስንጨርስ እዚሁ በሩ ላይ ያናግረኝ። ዱላውን እኔ አስጠርባለሁ።